ጠገራ ብርና የምኒልክ ብር በቴሌግራም ጨረታ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የሚዛንና የማግኔት ፍተሻን አንባቢ ያውቃል ብዬ አልፈዋለሁ። ለማስታወስ ያህል ብቻ፣ ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የቀድሞው የብር ገንዘብ፣ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስፋቱ ከ39.5 እስከ 41 ሚሊሜትር ሲሆን የብር ይዘቱ በሺህ 833 ነው። የምኒልክ ብርም ለዚሁ በጣም የቀረበ ነው። እዚህ የምጽፈው የደሴና የኮምቦልቻ ገዢዎች ጨረታ አሸንፈው፣ ገንዘብ ልከው፣ ዕቃው እጃቸው ከገባ በኋላ ስለሚያዩት ጉድለት ነው።

ምልክት፦ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ያለው ጠርዝ በየትኛውም ፎቶ ላይ አይታይም።

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። በወሎ ጠገራ ብር መገበያያ ብቻ ሳይሆን ሴቶች በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ጌጥም ስለነበረ፣ አንጥረኛው ከላይ ማንጠልጠያ ይበይድበት ወይም ይበሳው ነበር። ዛሬ ማንጠልጠያው ተነቅሎ፣ ቦታው በሞረድ ተስተካክሎ፣ ቀዳዳውም ተደፍኖ «ምንም ያልተነካ» ተብሎ ለጨረታ ይወጣል። ብሩ ራሱ እውነተኛ ነው፤ ሐሰቱ ሻጩ የሚናገረው ነው፤ ሰብሳቢው ግን እንዲህ ላለው ብር በውስጡ ካለው የብር ማዕድን ክብደት ዋጋ ብዙም አልፎ አይከፍልም።

አንድ ሻጭ ብሩን በብዙ ፎቶ ሲያሳይ በሁሉም ላይ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ያንኑ የላይኛውን ጠርዝ ቆንጥጠው እንደያዙ ነበር። ቪዲዮ ሲጠየቅ ስልኩ ቪዲዮ እንደማያነሳ መለሰ፤ በዚያው ሳምንት ግን ሌላ ሳንቲም በቪዲዮ አቅርቦ ሸጧል። ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ገዢ ደግሞ ያሸነፈውን ብር ይዞልኝ ሲመጣ በጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍ የጥፍር ስፋት ያህል ተቋርጦ፣ በዚያ ቦታ ወደ ቢጫ የሚያደላ የብየዳ ቅሪት ይታይ ነበር። ይህ ሁሉ ሳያንስ፣ ይመልሰው ዘንድ ከመጠየቁ በፊት በአመድና በሎሚ ፈትጎት ስለነበር ሻጩ «ያበላሸኸው አንተ ነህ» ብሎ አሰናበተው። እባካችሁ፣ የገዛችሁትን ብር አትፈትጉ፤ በጥርስ ሳሙናም፣ በአመድም፣ በምንም።

መፍትሄው ከመጫረታችሁ በፊት አንድ አጭር ቪዲዮ መጠየቅ ነው፤ ብሩ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ሥር በጠርዙ ቆሞ አንድ ሙሉ ዙር መሽከርከር አለበት። በጠገራ ብር ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከነጌጡ ጎላ ብሎ ወጥቷል። ይህ ጽሑፍ በአንድ ቦታ ድንገት ከጠፋ፣ ወይም ክቡ በዚያ በኩል ትንሽ ጠፍጠፍ ካለ፣ ሞረድ ነክቶታል። የተደፈነ ቀዳዳ ደግሞ በሁለቱም ገጽ በትይዩ ይፈለጋል፤ የመሸፈኛዋ መስመሮች በእጅ ተቀርጸው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ሚዛን እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ ሞረድ የቀነሰውን ብየዳው ስለሚተካ ክብደቱ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ተደርጎ የተነሳ ፎቶን ጭራሽ አትቀበሉ፤ ጠርዙን ለመደበቅ ከእሱ የተሻለ ዘዴ የለም። ቪዲዮ የማይልክ ሻጭ ጋር መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ተዉት።

ምልክት፦ ፊደሎቹና የጌጥ መርፌዋ እንቁዎች የሟሟ ሳሙና ይመስላሉ፤ ሜዳው (ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ገጽ) ላይም ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ።

መንስኤው ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነሐስ ወይም ነጭ ብረት መሆኑ ነው። ከትከሻዋ ላይ ያለው የጌጥ መርፌ ዘጠኝ እንቁዎች አንድ በአንድ ሊቆጠሩ ይገባል፤ በቀለጠው ላይ እርስ በርስ ይዋሃዳሉ። እነዚህ ማዕድናት ከብር ስለሚቀሉ ትክክለኛ መጠን ያለው ሐሰተኛ ወደ 24 ግራም ይወርዳል፤ ብልጦቹ ክብደቱን ለማሟላት ውፍረቱን ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ዕቃው እንደደረሰ በውኃ መፈተን ይገባል። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ በውኃ የተሞላ ብርጭቆ አስቀምጣችሁ ወደ ዜሮ መልሱት፤ ከዚያም ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ታችና ጎኑን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። 28 ግራም የሚመዝን እውነተኛ ብር 2.75 ግራም አካባቢ ያስነብባል፤ ነሐስና ነጭ ብረት ግን ከ3.1 በላይ ያስነብባሉ። ገጹን በሞረድ ፍቆ አሲድ ማንጠብጠብ ግን እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ዋጋውን ይገድላል።

ምልክት፦ «1780 ተብሎ ስለተጻፈበት ከ240 ዓመት በላይ ነው» ይባላል።

ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሞተች በኋላ ያው ዓመተ ምሕረት ሳይለወጥ መመታቱ ቀጠለ፤ ቪየና ብቻ ሳትሆን ከ1935 ጀምሮ ሮም፣ ቀጥሎም ለንደንና ቦምቤይ መትተውታል። ይህ ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ዓመቱ ግን ዕድሜ አይነግርም፤ ስለዚህ ሻጩ ዕድሜውን በሌላ ማስረጃ ካላስረዳ የብር ማዕድኑን ክብደት ዋጋ ብቻ ስጡ።

ከዚህ የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው። በእንቁላል አስኳል አጠገብ ተቀምጦ የጠቆረ ብር አለ፤ ጥቁረቱ በጉድጓዶቹና በከፍታው ላይ እኩል ከተኛ የዕድሜ አይደለም። በምኒልክ ብር ላይ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ስለሚጻፍ የመጨረሻው ቁጥር ዙሪያ ሜዳው ተቧጭሮ ከሆነ ተለውጧል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ፲፰፻፹፱ን እንደ አውሮፓ 1889 አድርጎ የሚያቀርብ ሻጭም ከ7 ዓመት በላይ አስረጅቶላችኋል። «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን ደግሞ ፊደል በፊደል አንብቡት፤ የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ ሌላ ፍተሻ አያስፈልግም።

ዕቃው በአውቶቡስ ሲላክላችሁ ክፍያውን ፖስታው ተከፍቶ ጠርዙ እስኪታይ አቆዩት፤ ይህን ያልተስማማ ሻጭ ሲኖር ፖስታውን ስትከፍቱ ሳታቋርጡ ቅረጹ፤ የሻጩን የመጀመሪያ መግለጫና ፎቶዎችም ከመሰረዛቸው በፊት በስልካችሁ አስቀሩ።