ከባህር ዛፍና ከጦስኝ የመዓዛ ዘይት እንዴት ይወጣል?

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላለ ሰው የሚሸት ቅጠል ብርቅ አይደለም። ነጭ ባህር ዛፍ በየደጁ አለ። ወደ መንዝና ጣርማበር ከፍ ሲሉ ደግሞ ጦስኙ ገና ሲረግጡት ያውዳል። ዘይቱን ቤት ውስጥ ለማውጣት ድስት፣ ድንጋይና ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ብቻ ዘይቱ ምን እንደሆነና ቅጠሉ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ሳያውቁ እሳት መለኮስ ድካም ነው። ስለዚህ ትንሽ ኬሚስትሪ እናስቀድም።

የመዓዛ ዘይት እንደ ኑግ ወይም እንደ ሰሊጥ ዘይት አይምሰላችሁ። ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ የኑግ ዘይት ብታደርጉ ቅባቱ እዚያው ይቀራል። የባህር ዛፉ ግን ተኖ ይጠፋል፤ ሞለኪውሎቹ ትንንሽ ናቸውና። አብዛኞቹ ተርፒን ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ይህ ቤተሰብ የሚሠራው ባለ 5 ካርቦን ቁራጮች እየተቀጣጠሉ ነው። ሁለት ቁራጭ ሲገጥም ባለ 10፣ ሦስት ሲገጥም ባለ 15 ካርቦን ይሆናል። ባለ 10ዎቹ ቶሎ ይተናሉ፣ ባለ 15ቹ ይዘገያሉ። በነጭ ባህር ዛፍ ዘይት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሲኒዮል ነው። ያ ስንታጠን አፍንጫ የሚከፍተው ሽታ የእሱ ነው። የጦስኝ ዋናዎቹ ደግሞ ቲሞልና ካርቫክሮል ናቸው። መጠናቸው እንደበቀለበት ቦታ ስለሚለያይ የአንዱ ተራራ ጦስኝ ከሌላው የተለየ ቢሸታችሁ አይግረማችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ በባህር ዛፍ ጀምሩ። እንደ ልብ ይገኛል፣ ዘይቱም ብዙ ነው። ጤዛው ከደረቀ በኋላ 1 ኪሎ ያህል ጤነኛ ቅጠል ልቀሙ። አንድ ለጋ ቅጠል ወደ ፀሐይ አንስታችሁ እዩት። ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጥቦች ታያላችሁ። ዘይቱ ያለው እነሱ ውስጥ ነው፤ በቅጠሉ ሥጋ ተከበው። ስለዚህ እንፋሎቱ እንዲደርስባቸው ቅጠሉ መከተፍ አለበት። ግን ከትፋችሁ አታሳድሩት፤ ዘይቱ ሌሊቱን ይተናል። ውሃው ሊፈላ ሲል ክተፉት።

ጦስኝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የእሱ ዘይት ቅጠሉ ላይ ላዩን በተለጠፉ ደቃቅ ከረጢቶች ውስጥ ነው። ጣት ገና ሲነካው የሚሸተውም ለዚህ ነው። መክተፍ አያስፈልገውም፤ ከከተፋችሁት ዘይቱ መክተፊያው ላይ ይቀራል። ጦስኝ ስትለቅሙ ደግሞ ከሥሩ አትንቀሉ። ጫፍ ጫፉን በመቀስ ቁረጡ፣ ሥሩ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። የእኛ ጦስኝ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይገኝ ተክል ነው፣ ለአንድ ብልቃጥ ሽታ ሲባል ተራራው ሲራቆት ማየት ያሳዝናል። እንደ ጓሳ ባሉ ሕዝቡ ራሱ በሚጠብቃቸው ቦታዎችም ሳይፈቀድ አይለቀምም።

አሁን ወደ ድስቱ። ሰፊ ድስት መሃል ላይ ንጹህ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። ውሃ ሦስት ጣት ያህል ጨምሩና ቅጠሉን በድንጋዩ ዙሪያ ላላ አድርጋችሁ ሙሉት። ድንጋዩ ላይ ጎድጓዳ የብረት ሳህን ይቀመጥ፤ አፉ ከቅጠሉ ከፍ ይበል። ከዚያ ክዳኑን ገልብጣችሁ ግጠሙ፤ እጀታው ወደ ታች፣ ልክ ወደ ሳህኑ ያመልክት። ክዳኑ የእንፋሎት ቀዳዳ ካለው አይሆንም፣ ላዩ ላይ የምትጨምሩት ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። የፕላስቲክ እጀታም አይሆንም፤ ዘይቱ ፕላስቲክ ያሟሟል።

በክዳኑ ጉድጓድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ። ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ፈሳሽ ይሆናል፣ ወደ እጀታው ይንሸራተታል፣ ጠብ ጠብ እያለ ሳህኑ ውስጥ ይወርዳል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። አንድ ልዩነት ግን አለ። አረቄ ሲወጣ እንፋሎቱ በቱቦ ስለሚሄድ አፉ ይደፈናል። እዚህ ግን ሌላ መውጫ የለም። ዳር ዳሩን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ዙሩት። በሊጥ ወይም በጭቃ አትድፈኑት፣ ድንጋይም አትጫኑበት። ግፊት ከተጠራቀመ አደጋ ነው።

ሲኒዮል ለብቻው የሚፈላው በ176 ዲግሪ ነው። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ። ታዲያ ዘይቱ እንዴት ወጣ? የማይዋሃዱ ሁለት ፈሳሾች አብረው ሲሞቁ የእንፋሎት ግፊታቸው ይደመራል። ድምሩ የአየሩን ግፊት ሲደርስ ሁለቱም አብረው መውጣት ይጀምራሉ፤ እንዲያውም ውሃው ብቻውን ከሚፈላበት ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት። ስለዚህ ኃይለኛ እሳት አያስፈልግም። ዝግ ባለ እሳት ለባህር ዛፍ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለጦስኝ አንድ ሰዓት ይበቃል። የክዳኑ ውሃ ለብ ባለ ቁጥር ቀይሩት። ህዳርና ታህሳስ ላይ እጅ የሚቆረጥመው የማለዳ ውሃ ለዚህ ሥራ ግሩም ነው። የድስቱ ውሃ ግን እንዳያልቅ፤ ቅጠሉ ካረረ የቃጠሎው ሽታ ከዘይቱ አይለቅም። እንፋሎቱ ተቀጣጣይ ስለሆነ ክዳኑን እሳት ላይ እያለ አትክፈቱ።

ከቀዘቀዘ በኋላ የተጠራቀመውን ጠባብ አፍ ባለው ጠርሙስ ገልብጡና አሳድሩት። ጠዋት ዘይቱ በስሱ ተንሳፎ ታገኙታላችሁ፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ቀስ አድርጋችሁ ምጠጡት። የጦስኝ ዘይት ክብደቱ ለውሃ ስለሚቀርብ ለመለየት ይዘገያል። ትንሽ ጨው ብትጨምሩ ውሃው ይከብድና ዘይቱ ቶሎ ይወጣል። በደንበኛ መሣሪያ ከ1 ኪሎ ባህር ዛፍ ቅጠል 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ይገኛል። በዚህ ድስት ግን በጣም ያነሰ ነው የምታገኙት፣ ተስፋ አትቁረጡ።

አደራ የምለው አጠቃቀሙን ነው። የባህር ዛፍ ዘይት አይጠጣም። ጥቂት ሚሊ ሊትር እንኳ ሕፃንን ሊያንዘፈዝፍና ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት፣ የሕፃን ፊት ወይም አፍንጫ አጠገብም አትቀቡት። ለአዋቂም ቢሆን በ1 የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ውስጥ 1 ጠብታ ነው፤ መጀመሪያ ክንድ ላይ ሞክሩት። ቲሞል ቆዳ ያቃጥላልና ከጦስኙ ጋር የበለጠ ተጠንቀቁ። ጤና አዳምን ግን በዚህ መንገድ አትሞክሩት። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ይቋጥራል፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው።

ዘይቱን ጠቆር ባለ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ እስከ አፉ ሙሉት። አየርና ብርሃን ያበላሹታል። የተክሉን ስምና ቀኑን ጻፉበት። ጨው ያልገባበት የተረፈው ውሃም አይደፋ፤ ወለል ስትወለውሉ ጨምሩት፣ ቤቱን ሙሉ ያውደዋል።