ፖይኪን አሟሽቶ ደጅ ላይ ማብሰል

ፖይኪ ባለ ሦስት እግር የደቡብ አፍሪካ የብረት ድስት ነው። ሆዱ ክብ፣ ክዳኑ ከባድ ነው። ጉልቻ አይፈልግም፤ ራሱ ፍም ላይ ይቆማል። ቁጥር 3 የሚባለው ወደ 8 ሊትር ይጠጋል፤ ለቤተሰብ ይበቃል።

አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ይሟሻል። የፋብሪካውን ቅባት በፍል ውሃና በሳሙና አጥባችሁ እሳት ላይ አድርቁት። ከዚያ የተልባ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት ውስጡንም ውጪውንም ቀቡና፣ ጭራሽ ያልተቀባ እስኪመስል በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ዘይት ከበዛ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ጭሶ እስኪያበቃ አግሉት፣ አቀዝቅዙት፣ ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። ዘይቱ በሙቀት ጠንክሮ ስስ ጥቁር ሽፋን ይሆናል፤ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽም የሚሆነው ይኸው ነው። በመጨረሻ የአትክልት ልጣጭ ቀቅላችሁበት ድፉት፤ የብረት ጣዕሙ ይቀንሳል።

ድስቱ ለተራው ሰው የተዳረሰው በእንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ ዘዴ ነው። ዳርቢ ሆዳም የብረት ድስቶችን በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የማፍሰስ ዘዴውን በ1707 (እ.ኤ.አ.) በፓተንት አስመዘገበ፤ ከውዱ የናስ ድስት ይልቅ ርካሽ የብረት ድስት ተገኘ። በ1830ዎቹ ከደቡብ አፍሪካው ጠረፍ ከኬፕ ወደ መሀል አገር የተሰደዱት ቡሮች (የደች ዝርያ ያላቸው ሰፋሪ ገበሬዎች) ፖይኪውን በበሬ ጋሪያቸው ይዘው ዞረዋል። ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያንም የራሳቸው አድርገውት፣ ዛሬም በሠርግና በቀብር ድግስ የበቆሎ ገንፎ የሚሠራው በትልልቆቹ ነው።

ወደ እሳቱ እንመለስ። እንጨቱ ነዶ ፍም ይሁን። የበሬ ጭራ ወይም የበግ አንገት በጥቂት ዘይት በኃይለኛ እሳት ጠብሱ፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ጨምሩ። ሥጋውን የማይሸፍን ጥቂት መረቅ፣ ቢራ ወይም ቀይ ወይን አፍስሱና ከፍሙ አብዛኛውን አውጡ። ሥጋው ሊበስል ሲቃረብ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ካሮትና ድንች ደርድሩበት፤ ቶሎ የሚበስሉትን ዝኩኒና እንጉዳይ ከላይ።

ከዚህ በኋላ ማማሰል የለም። ወጥ ሲሠራ ማማሰያ ከእጃችን ለማይለይ ለእኛ ከባዱ ይህ ነው፤ ግን ካማሰላችሁት ድርድሩ ፈርሶ ተራ ወጥ ይሆናል። ክዳኑንም ደጋግማችሁ አትክፈቱ። ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ፦ ዝግ ብሎ ከተንተከተከ ልክ ነው፣ ከተንፈቀፈቀ ፍም አውጡ፣ ዝም ካለ ጨምሩ። ሲወጣም ጭልፋውን እስከ ታች አስገቡ፤ ሁሉም ከየድርድሩ ይድረሰው።

የጋለ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ይህ ብረት ካርቦን ስለሚበዛበት ተሰባሪ ነው፣ ይሰነጠቃል። ምግብም፣ በተለይ ቲማቲም ያለበት፣ አይደርበት፤ አሲዱ ሽፋኑን ይበላል። አጥባችሁ እሳት ላይ አድርቁት፣ ዘይት አስነኩት፣ ክዳኑ ሥር ወረቀት አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከዛገ በሽቦ ፈግፍጋችሁ እንደገና አሟሹት።