ለደጋ ላስቲክ ቤት፦ የማታ 10 ደቂቃ

በደሴ ዙሪያም ሆነ በደላንታ ደጋ ቲማቲም በላስቲክ ቤት የምታለሙ፣ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ፈርታችሁ ቤቱን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት። ማታ ማሞቂያውን አብሩና የጣሪያውን መስኮት 10 ደቂቃ ያህል ክፈቱ፤ የሞቀው አየር እርጥበቱን ይዞ ይወጣል። ያኔ ዝጉት። ካልወጣ ሌሊት ላስቲኩ ላይ ጤዛ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ግራጫ ሻጋታ የሚነሳው እንዲህ ነው። የአየር እርጥበት መለኪያው ከ85 በመቶ በላይ ከቆየ ድገሙት።

ውሃ ጠዋት ብቻ፣ ያውም ከሥሩ። ፀሐይ ሳትበረታም መስኮቱን ገርበብ አድርጉ፤ ፍሬው ከአየሩ ዘግይቶ ስለሚሞቅ ያልበዋል። የከሰል ምድጃ ማስገባት ግን ይቅርባችሁ፦ ጭሱ አበባ ያረግፋል፣ ሰውም ይገድላል።