ወታደር ልጃችሁን እስከ መሳፈሪያው በር ለመሸኘት

አሜሪካ ውስጥ ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ ለግዳጅ ሲሄዱ፣ ፍተሻው ጋ ተሰነባብታችሁ ከመመለስ ጌት ፓስ፣ ማለትም ሳትሳፈሩ እስከ መሳፈሪያው በር የሚያስገባ የይለፍ ወረቀት፣ ጠይቁ። የሚያትመው ትኬት ካውንተር ላይ ያለው የአየር መንገዱ ሠራተኛ ነው። ተጓዡ የግዳጅ ትእዛዙን ቅጂ ይዞ አብሯችሁ ይቁም። ስማችሁና የልደት ቀናችሁ ስለሚጣራ ልክ መታወቂያው ላይ እንዳለው አስመዝግቡ፤ የአባትና የአያት ስም ከተቀያየረ ጣጣ ነው። ሪል አይዲ (የፌዴራል መስፈርት ያሟላ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ) ወይም ፓስፖርት ያዙ። እናንተም እንደ መንገደኛ ትፈተሻላችሁ፣ ስለዚህ ለስንቅ የቋጠራችሁት ማር ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ አያልፍም።

መስጠት አለመስጠት ግን የአየር መንገዱ ፈቃድ ነው፤ ቢከለክሏችሁ አትሟገቱ፣ ኃላፊውን በትሕትና አስጠሩ። ከጦር ሰፈር በቻርተር አውሮፕላን የሚነሳ ከሆነ ይህ አይሠራም፤ ሽኝቱን የሚያውቀው የተጓዡ የጦር ክፍል ነው።