የአሮጌ ፒክአፕ የቆዳ ወንበር ሲታደስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሮጌ ፒክአፕ የሾፌር ወንበር አለቀ ሲባል ብዙ ጊዜ ያለቀው አንድ ቦታ ነው፤ በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ። ፒክአፕ ከፍ ያለ መኪና ስለሆነ ሰው ሲገባም ሲወርድም ክብደቱን እዚያች ጠርዝ ላይ ጥሎ ይንሸራተታል። የጂንስ ሱሪ ስፌት፣ የኋላ ኪስ ውስጥ የተረሳ ካቻቪቴ፣ ወገብ ላይ የታሰረ የመሣሪያ ቀበቶ ሁሉም እዚያው ይፈትጋሉ። መጀመሪያ ቀለሙ ይለቃል፣ ቀጥሎ ቆዳው ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻ ስፖንጁ ብቅ ይላል። የተሳፋሪው ወንበር ግን በዚያው ዕድሜ ገና ደህና ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመጠገን የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በእጅ ሥራው ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው። ዓይን የሚያየው ቆዳውን ስለሆነ ሥራውም ከቆዳው ይጀመራል። ቆዳው ግን መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ነገር ነው። አዲስ የለበሰ ወንበር ዓመት ሳይሞላው እዚያው ቦታ ላይ ሲቀደድ ካዩ፣ ጥፋቱ ያለው ከሥር ነው።

ከሥር ሳያዩ አዲስ ቆዳ መግዛት

ምንም ነገር ከማዘዝዎ በፊት መዳፍዎን ያለቀው ጠርዝ ላይ አድርገው በኃይል ይጫኑ። ከዚያ የተሳፋሪውን ወንበር እዚያው ቦታ ላይ ይጫኑና ያወዳድሩ። እጅዎ ወዲያው ብረት ካገኘ ስፖንጁ ሞቷል ማለት ነው። ቀጥሎ በባትሪ መብራት የወንበሩን ሥር ይመልከቱ። ምንጣፉ ላይ የረገፈ ቢጫ ዱቄት የስፖንጁ ፍርፋሪ ነው። የተሰበረ ወይም ከመንጠቆው የወለቀ ሞላ፣ በጠርዙ በኩል ስፖንጁን በልቶ የወጣ ሽቦም እዚያው ይታያል።

በእንዲህ ያለ አካል ላይ የቱንም ያህል ጥሩ ቆዳ ቢያለብሱ ገንዘብዎን ጣሉ። ቆዳው የሚያርፍበት ጠንካራ ነገር ስለሌለው ሰው በተቀመጠና በተነሳ ቁጥር እዚያው መስመር ላይ ይታጠፋል፤ በታጠፈበት መስመር ደግሞ ይሰነጠቃል። ሽቦው ወጥቶ ከሆነም ከውስጥ ሆኖ ይቆርጠዋል።

ስፖንጁ በሙሉ መቀየር ላይኖርበት ይችላል። የሞተውን ክፍል ስለታም በሆነ ረጅም ቢላ ቀጥ አድርገው ይቁረጡና ጠንከር ያለ ስፖንጅ በልኩ ያስገቡ። ማጣበቂያው በሁለቱም ፊት ተቀብቶ፣ ትንሽ ደረቅ ብሎ ጣት ላይ መያዝ ሲጀምር ነው የሚገጣጠመው፤ እርጥብ ሳለ ከተገጠመ ይንሸራተታል። ቅርጹን በደንብ ካስተካከሉ በኋላ ሞላው ወይም ሽቦው በሚነካበት በኩል ወፍራም ሸራ ይለጥፉ። ይህ ሸራ ከሌለ ሞላው አዲሱንም ስፖንጅ ይበላዋል። የፍራሽ ስፖንጅ ግን አይጠቀሙ። ለስላሳ ነው፤ ለመኝታ ተብሎ የተሠራ ነገር የሰው ክብደት በአንዲት ጠርዝ ላይ ሲያርፍበት ቶሎ ይሟሽሻል።

ሁሉም ነገር ቆዳ ነው ብሎ ማመን

«የቆዳ ወንበር» ተብለው በተሸጡ ብዙ መኪኖች ላይ እውነተኛው ቆዳ ያለው ሰውነት በሚነካው ፊት ብቻ ነው። ጎኖቹ፣ የመደገፊያው ጀርባ፣ አንዳንዴም የራስ መደገፊያው ቪኒል (ቆዳ የሚመስል ፕላስቲክ) ናቸው። ለመለየት ከመቀመጫው ሥር ያልተሰፋ ጠርዝ ይፈልጉና ጀርባውን ይዩ። ቆዳ ከሆነ ጀርባው ሻካራና ፀጉር ፀጉር የሚል ነው፤ ቪኒል ከሆነ የተሸመነ ጨርቅ ያገኛሉ። መለየቱ የሚጠቅመው ለቆዳ የተሠራ መሙያና ማጣበቂያ ቪኒል ላይ ላይሠራ ስለሚችል ነው።

እውነተኛው ቆዳም ቢሆን በመኪና ውስጥ ራቁቱን አይደለም። አብዛኛው ላዩ ላይ ቀለም፣ ከቀለሙ በላይ ደግሞ ቀጭን የፖሊዩሪቴን ሽፋን አለው። ጠብታ ውኃ ጣል ያድርጉበት፤ ሳይሰርግ ክብ ሆኖ ከቆየ ሽፋኑ አለ ማለት ነው። እንግዲህ ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን «ቆዳውን ይመግባል» የተባለውን ቅባት እንዴት ያሳልፈዋል? በእኔ እምነት ከእነዚህ ጠርሙሶች ውስጥ የሚሸጠው በአመዛኙ ተስፋ ነው። የተሰነጠቀ ቆዳ በቅባት አይገጥምም። ቅባቱ አቧራ ይይዛል፣ በኋላ ቀለም ልቀባ ቢሉም ቀለሙ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የመኪና ቆዳ ከቅባት ይልቅ የሚፈልገው ንጽሕና ነው፤ ላብና አቧራ አንድ ላይ ሲሆኑ ሽፋኑን ቀስ በቀስ ይፍቃሉ።

ኤርባግና ሽቦ መኖራቸውን ረስቶ ወንበር መፍታት

በጣም አሮጌ ፒክአፕ ላይ ወንበር ማለት አራት ብሎን ብቻ ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ በተሠሩት ላይ ግን ወንበሩ ውስጥ የጎን ኤርባግ ሊኖር ይችላል። በመደገፊያው ጎን ላይ «ኤርባግ» ወይም «ኤስ አር ኤስ» የሚል ምልክት፣ ከወንበሩ ሥር ደግሞ ቢጫ ሶኬት ካዩ አለ ብለው ይያዙ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ገፍተው የኋላ ብሎኖቹን ይፍቱ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ወስደው የፊቶቹን። ይህን ባትሪው ሳይነቀል ያድርጉ፤ ወንበሩ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ባትሪውን አስቀድመው ከነቀሉ ብሎኖቹ ከሐዲዱ ሥር እንደተሸሸጉ ይቀራሉ። ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ ቁልፉን አጥፍተው የባትሪውን ነጌቲቭ ያላቅቁ፤ አምራቹ በመመሪያው ያስቀመጠውን ያህል ደቂቃ ይጠብቁ። የሚጠበቀው በከንቱ አይደለም። የኤርባጉ ኮምፒውተር ባትሪው ቢቋረጥ እንኳ ኤርባጉን የሚያፈነዳ ኃይል ለጥቂት ጊዜ አጠራቅሞ ይይዛል። ሶኬቱ የሚነቀለው ከዚህ በኋላ ነው።

ወንበሩ ወጥቶ ሳለ መኪናውን ማስነሳት ሌላው ስህተት ነው። ኮምፒውተሩ ኤርባጉን ሲያጣ ስህተት ይመዘግባል፤ የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፤ በብዙ መኪኖች ላይ ያለ መመርመሪያ መሣሪያ አይጠፋም። የኤርባጉን ሽቦ በመብራት ወይም በመልቲሜትር «እስቲ ኃይል አለው ወይ» ብሎ መሞከር ግን በፍጹም አይደረግም።

የወንበሩ ልብስም ጉዳይ አለው። ኤርባጉ የሚወጣበት ስፌት በግጭት ጊዜ እንዲበጠስ ተብሎ በተለየ ክርና በተለየ አሰፋፍ የተሰፋ ነው። እዚያ ቦታ ላይ በወፍራም ክር አጥብቆ መስፋት፣ ወይም ጎኑን በሙሉ የሚሸፍን ተራ ልብስ ማልበስ ኤርባጉን ማሰር ነው። ይህን ስፌት መሥራቱን በዚህ ሥራ ለሚታወቅ ባለሙያ ይተዉት።

በተሳፋሪው መቀመጫ ውስጥ ደግሞ ሰው መቀመጡንና ክብደቱን የሚለካ ሴንሰር ሊኖር ይችላል። እዚያ ስፖንጅ መቁረጥና መጨመር ንባቡን ያዛባዋል። ሕፃን የተቀመጠበትን ወንበር እንደ አዋቂ፣ አዋቂውን እንደ ባዶ ሊያነበው ይችላል። እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ስፖንጁን ሳይነኩ ቆዳውን ብቻ መሥራት ይሻላል።

ወንበሩ ማሞቂያ ካለው በውስጡ የተዘረጋውን ስስ ሽቦ አያጣጥፉት፣ ልብሱን የሚይዘውን የብረት ቀለበትም አያሳልፉበት። የወንበሩን ብሎን በሌላ ተራ ብሎን መተካትም አይገባም፤ በግጭት ጊዜ ሰውዬውንና ወንበሩን ከወለሉ ጋር የሚይዘው እሱ ነው።

በቆሸሸ ቆዳ ላይ ቀለም መቀባት

ቆዳው ሳይቀደድ ቀለሙ ብቻ ከለቀቀ ወንበሩን ማደስ ከባድ አይደለም። የሚያበላሸው ዝግጅቱ ነው። ለዓመታት የሚያብለጨልጭ ቅባት ሲቀባ የኖረ ወንበር ላዩ ላይ ሲሊኮን አለ፤ በሲሊኮን ላይ የተቀባ ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል፣ የያዘውም በሳምንታት ይላጣል።

በቆዳ ማጽጃና ለስላሳ ብሩሽ ይፈትጉ፤ በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁ ቆሻሻ ማንሳት እስኪያቆም ይድገሙት። ቀጥሎ በአልኮል ያስሱት። የተነሱትን የቀለም ጠርዞች ከ400 እስከ 600 ቁጥር ባለው ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይለስልሱና ትቢያውን እንደገና ይጥረጉ። የመጀመሪያውን የቀለም ዙር በስፖንጅ ቁራጭ እየነኩ፣ ስንጥቆቹ ውስጥ እየገፉ በጣም ስስ አድርገው ይቀቡ። ከታች ያለው ገና እየታየ ቢሆን አይጨነቁ። ደርቆ ሁለተኛው፣ ደርቆ ሦስተኛው እያሉ ይሞላል። በአንድ ዙር ልሸፍን ያለ ሰው የሚያገኘው ወፍራም ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱም ሰው ሲቀመጥበት ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ ግልጽ መከላከያ ሽፋኑ ይቀባል፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ማንም አይቀመጥበትም።

የቀለም ምርጫ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ዋናውን ቀለም ከራስ መደገፊያው ሥር ውሰድ» የሚለው ምክር ትክክል የሚሆነው ሙሉው ወንበር ሲቀባ ነው። አንድ ጠርዝ ብቻ ከሆነ የሚቀባው ማመሳሰል ያለብዎት ከጎኑ ካለው፣ ፀሐይ ካደበዘዘው ቆዳ ጋር ነው። ያንንም መጀመሪያ ካጸዱት በኋላ ይሁን፤ እድፍ ቀለሙን አጥቁሮ ያሳያል። የጫማ ቀለም ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብ፤ ሙቀት ሲነካው ሱሪ ላይ ይቀራል።

ቀዳዳን ሁሉ በሙጫ መድፈን

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል፤ ቆዳው ደግሞ መታጠፍ አለበት። ውጤቱ ከድፍኑ አጠገብ ሌላ ስንጥቅ ነው። ለትንሽ ቀዳዳ ትክክለኛው መንገድ በቀዳዳው በኩል ከሥሩ ሸራ አስገብቶ፣ በሚተጣጠፍ ማጣበቂያ ይዞ፣ ከላይ በሚለጠጥ መሙያ በስስ በስሱ መሙላት ነው። ቦታው ግን ሰው ሲገባና ሲወርድ የሚንሸራተትበት ጠርዝ ከሆነና ቀዳዳው ከሳንቲም ከበለጠ መሙያው ብዙ አይቆይም፤ ያንን ቁራጭ አስፈትቶ በአዲስ ማስቀየር ይሻላል።

የተፈታ ስፌት ከሆነ ደግሞ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች በቆልማማ መርፌ ይሰፋል። አዲስ ቀዳዳ ከጎኑ መብሳት ቆዳውን እንደሚቀደድ ወረቀት ያደርገዋል። ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ በፀሐይና በላብ ይበሰብሳል።

የሞዴሉን ስም ብቻ ይዞ ልብስ ማዘዝ

አንድ ዓይነት ስምና ዓመት ያላቸው ሁለት ፒክአፖች ወንበራቸው ሊለያይ ይችላል። ነጠላ ካቢን ነው ድርብ? ወንበሩ አንድ ወጥ ነው ወይስ ለሦስት የተከፈለ? በእጅ ነው በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው? የራስ መደገፊያው ይነቀላል? ክንድ ማሳረፊያ፣ ኤርባግ፣ ማሞቂያ አለው? እነዚህን ጽፈው፣ ወንበሩን ከፊት፣ ከጎንና ከጀርባ ፎቶ አንስተው ነው መጠየቅ ያለብዎት። ደግሞም ያለቀው የሾፌሩ መቀመጫ ብቻ ከሆነ ሙሉ ስብስብ ለምን ይገዛሉ?

በልክ የሚያሰፉ ከሆነ ቆዳውን ሲመርጡ አብረው ይሁኑ። የመኪና ቆዳ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ነው፤ በጣም ወፍራሙ ማዕዘን ላይ አይዞርም። ከአንድ ቆዳ ውስጥ የከብቱ ጀርባ የነበረው ክፍል ጥብቅ ነው፣ የሆዱ ይለጠጣል። በበሩ በኩል ያለው የወንበሩ ጠርዝ ከዚህ ከጀርባው ክፍል ይቆረጥ።

ሲያለብሱ መጣደፍ

አሮጌውን ልብስ ሲያወልቁ የሚቆረጡት ትንንሽ የብረት ቀለበቶች ናቸው። ቀለበቶቹ የሚይዙት በልብሱ ውስጥ በተሰፋ ቦይ የገባ ቀጭን የሽቦ ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ ሳይታሰብ ከአሮጌው ልብስ ጋር ወደ ቆሻሻ ይጣላል፤ አዲሱ ልብስ ሲመጣ ደግሞ የሚወጠርበት ነገር ይጠፋል። ስለዚህ ዘንጎቹን አውጥተው የትኛው የየት እንደሆነ ምልክት ያድርጉባቸው። አሮጌውን ልብስም ሥራው እስኪያልቅ አይጣሉት።

ቆዳውን ፀሐይ ላይ ትንሽ ካሞቁት ይለሰልሳል። ከመሃል ቦዮቹ ይጀምሩ፣ ከዚያ ጎኖቹን፣ መጨረሻ ላይ ፊትና ኋላውን ይወጥሩ። የቀሩትን ጥቃቅን እጥፋቶች በፀጉር ማድረቂያ እያንቀሳቀሱ በእጅ ማለስለስ ይቻላል። እጅዎ የማይችለው ሙቀት ለቆዳውም በዝቷል፤ የተኮማተረ ቆዳ ተመልሶ አይዘረጋም።

ያገለገለ ወንበር ሳይለኩ ማምጣት

ከሌላ መኪና የወረደ ደህና ወንበር አንዳንዴ ከሁሉም ይረክሳል። የብሎኖቹን ርቀት፣ የሶኬቶቹን ዓይነትና ኤርባጉ የፈነዳ አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ጎርፍ ከገባበት መኪና የመጣውን በጠረኑ ይለዩታል። እንዲገጥም ብረት መበየድ ከተጀመረ ግን ይተዉት።

የትኛውም ወንበር ተመልሶ ሲገባ አራቱን ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይያዙ። ወንበሩን እስከ ፊትና እስከ ኋላ ይግፉት፤ ሁለቱም ሐዲዶች እኩል «ቀጭ» ብለው መያዛቸውን ይስሙ። አንዱ በአንድ ጥርስ ከቀደመ ወንበሩ ተጣሞ ይገባል፣ መንሸራተትም እምቢ ይላል። እኩል ሲሆኑ ነው ብሎኖቹ አምራቹ ባዘዘው ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) የሚጠበቁት። ሶኬቶቹን ሁሉ ሰክተው ሲጨርሱ፣ የባትሪው ነጌቲቭ በመጨረሻ ይመለሳል።