«ጃክ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም ስንተረጉም የምንሠራቸው ስህተቶች

ሥር የሰደደው ስህተት ጃክን ያዕቆብ ማለት ነው። የፈረንሳይኛው ዣክ በእርግጥም ያዕቆብ ስለሆነ በድምፅ መመሳሰሉ ተታሎ መሳሳት አያስደንቅም፤ የእንግሊዝኛው ጃክ ግን ጆን፣ ማለትም ዮሐንስ፣ በመካከለኛው ዘመን በቁልምጫ ጃንኪን፣ ከዚያም ጃኪን እየተባለ ሲጠራ ቆይቶ ያጠረ ስም ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲን የቅርብ ሰዎቻቸው ጃክ ይሏቸው የነበረውም በዚሁ ልማድ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ጃክ ሁሉ በመዝገብ ጆን ነው ብሎ መደምደም ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። ጃክ ዛሬ ራሱን የቻለ ስም ሲሆን፣ በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ ለተከታታይ ዓመታት ለወንድ ሕፃናት በብዛት የወጣው እሱ ነበር። ሰነድ የሚተረጉም ሰው ጃክን እንዳለ ይተወው፤ ዮሐንስ ብሎ መለወጥ ቃል በቃል ስም ማጥፋት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ጃክን ምንጊዜም ሰው ማድረግ ነው። ጆን እጅግ የተለመደ ስም በመሆኑ ጃክ የተራ ሰው፣ በተለይም የአሽከር መጠሪያ ሆነ፤ ቀጥሎም የአሽከርን ጉልበት የሚተካ መሣሪያ ስሙን ወረሰ። የጌታን ቦት ጫማ ይዞ የሚያወልቀው ባላ መሰል እንጨት ቡትጃክ ተባለ፤ ሾፌሮቻችን ክሪክ የሚሉት የመኪና ማንሻም ጃክ ነው። አንድ ጊዜ ባየሁት የፊልም ትርጉም ጎማ የፈነዳበት ሰው ጓደኛውን «ጃክን ከኋላ አውጣው» ሲለው የታገተ ሰው ስጠብቅ ክሪክ ወጣ። እንግሊዝኛ የሰውን ስም በትልቅ ፊደል ይለያል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ልዩነቱን ማሳየት የተርጓሚው ኃላፊነት ነው።

ጃክአስም ወንድ አህያ፣ ሲሰድቡበትም ቂል ማለት እንጂ ጃክ የሚባል ሰው አህያ አይደለም።

በመጫወቻ ካርታ ላይ ጃክ ከንጉሥና ከንግሥት ቀጥሎ ስለሚመጣ ልዑል የሚሉት አሉ። የቀድሞ ስሙ ኔቭ ነበር፤ ትርጉሙም አሽከር ነው። ኔቭ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በ«ኬ» ስለሚጀምር (Knave)፣ ምልክቱ ከንጉሡ (King) «ኬ» ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካርታ አታሚዎች በጃክ «ጄ» ተኩት።