ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ በአንድ ፕሪንተር እንዴት ያትማሉ?

ደብረ ማርቆስ አንድ ጓደኛዬ ጽሕፈት ቤት አለው። ሁለት ዊንዶውስ፣ አንድ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው)፣ አልፎ አልፎ ማክ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ፤ ፕሪንተሩ ግን አንድ። ፍላሽ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ሲዞር ይውል ነበር፤ ቫይረሱም አብሮ።

መጀመሪያ ፕሪንተሩን ከኋላው እዩት። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ካለው በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኙት። ብዙ ሰው አንዱ ዊንዶውስ ላይ በዩኤስቢ ሰክቶ ሼር ያደርገዋል። ይሠራል፤ ግን ያ ኮምፒውተር ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል። መሰኪያም ዋይፋይም ከሌለው ብቻ በዚህ ሂዱ።

ዋናው ጣጣ አይፒ ቁጥሩ፣ ማለትም ፕሪንተሩ ኔትወርኩ ውስጥ የሚገኝበት አድራሻ ነው። ራውተሩ ለፕሪንተሩ ቁጥር ያድለዋል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ሌላ ሊሰጠው ይችላል። እኛ ጋ ደግሞ መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለም። ጠዋት ሲያትም የነበረው ከሰዓት «ኦፍላይን» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ስለዚህ በፕሪንተሩ ሜኑ ገብታችሁ ቋሚ ቁጥር ስጡት። ራውተራችሁ 192.168.1.1 ከሆነ፣ 192.168.1.200 ይሁን እንበል። ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጪ መሆኑን አረጋግጡ፤ አለዚያ የአንዱ ደንበኛ ስልክ ቁጥሩን ይዞ ቁጭ ይላል። ከዚያ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፕሪንተሩ ላይ ለጥፉት።

ዊንዶውስ ላይ ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ቀድማችሁ ጫኑ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ፕሪንተር መጨመሪያው ጋ በአይፒ የሚጨምረውን ምረጡና ቁጥሩን አስገቡ።

ኡቡንቱ ላይ ሴቲንግ፣ ፕሪንተርስ፣ ከዚያ ቁጥሩን መጻፍ ነው። ጄትዳይሬክት የሚል ምርጫ ቢመጣ አትደንግጡ። ስሙ የኤችፒ ቢሆንም ሌሎች ፕሪንተሮችም በዚሁ መንገድ፣ በፖርት 9100 (የሚታተመው በሚገባበት የኔትወርክ በር ቁጥር) ይቀበላሉ።

ማክ ቀላል ነው፤ ኤርፕሪንት (ያለ ተጨማሪ ድራይቨር የሚያሳትም የአፕል ዘዴ) ያለውን ፕሪንተር ራሱ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ግን አሳስቆናል። የሙከራ ገጹ ከኡቡንቱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ የደንበኛው የአማርኛ ደብዳቤ ግን ከአንድ ገጽ ሁለት ሆነ፤ ፊርማው ብቻውን ሁለተኛው ገጽ ላይ። ፕሪንተሩ ምን አጠፋ? ደብዳቤው ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ኡቡንቱው ኒያላ ስለሌለው በሌላ ፎንት ተካው። ደብዳቤውን በተጻፈበት ኮምፒውተር ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ከላካችሁት መስመሩ አይዛነፍም።

በመጨረሻ ራውተሩንና ፕሪንተሩን ከሶኬት ንቀሏቸው፣ መልሳችሁ ሰኩና ከሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ አንድ ገጽ አትሙ።